መጀመሪያ ሜትር አምጡ፦ «ሌንስ ራሳችሁን አያዙርባችሁ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ይሄን አንብብልኝ፤ የፕሮጀክተሩን ገንዘብ ልላክ?» ብሎበታል። ጽሑፉ ቤታቸው ውስጥ የፊልም ማሳያ ክፍል ማዘጋጀት ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። ርዕሱ «ሌንስ ራሳችሁን አያዙርባችሁ» ይላል። እኔ ደሴ፣ ሆጤ ባለችው ሳሎኔ ውስጥ፣ ሌንስ ራሴን ማዞር ከጀመረ አራት ዓመት አልፎኛል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የሚሉት እንዲህ ነው። ፕሮጀክተር ስትገዙ ሉመኑን (የብርሃኑን መጠን) እዩ፣ ሌንሱ ሁሉም ያው ነው። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ሾርት ትሮው (ከቅርብ ሆኖ ትልቅ ምስል የሚያወጣውን ማሽን) ግዙ፣ አለቀ። ማሽኑን የትም አስቀምጡት፣ ምስሉ ከተጣመመ ኪስቶን የሚባለው ቁልፍ ያስተካክለዋል። ዙሙ በበዛ ቁጥር ይሻላል። የድሮ የ16 ሚሊ ሜትር የፊልም ማሽን ያላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሌንስ ብታስገቡ ምስሉ ይሰፋል። ሌንሱን በየሳምንቱ በሶፍት ጥረጉት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፍሉን ስለማጨለም የጻፉትን አንብቤ ግን «ጎሽ» ብያለሁ። ወፍራም መጋረጃ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይቀድማል። ነጭ ኮርኒስ ብርሃኑን መልሶ ሸራው ላይ ስለሚረጨው ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል ማለታቸውም ልክ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

«ሌንሱ ሁሉም ያው ነው» የሚለው ጋ ስንደርስ ተለያየን። ሉመን ከማሽኑ የሚወጣው የብርሃን መጠን ነው። ያ ብርሃን ምን ያህል ግድግዳ ላይ እንደሚዘረጋ የሚወስኑት ግን ሌንሱና ርቀቱ ናቸው። አንድ ጭልፋ ሊጥ ትንሽ ምጣድ ላይም ትልቅ ምጣድ ላይም ይዘረጋል፤ አንዱ ላይ ግን ይሳሳል። በቁጥር ልንገራችሁ። 2 ሜትር ከ20 የሚሰፋ ምስል 2.7 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ወደ 2 ሜትር ከ80 ስታሰፉት 4.4 ካሬ ይሆናል። የጨመራችሁት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ብርሃኑ የሚሸፍነው ቦታ ግን ከ60 በመቶ በላይ አደገ።

በዚያ ላይ የትኛው ሉመን? ካርቶናቸው ላይ «9,000» የተጻፈባቸው ርካሽ ማሽኖች አሉ። አንሲ በሚባለው የአለካክ ደንብ ሲለኩ ጥቂት መቶ ላይ ያርፋሉ። ካርቶን አያፍርም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን። እዚህ ረጋ ብለን እንቀመጥ።

«ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ሾርት ትሮው ግዙ።» ጠባብ ማለት ስንት ሜትር ነው? አልነገሩንም። ሜትር ያልተጠቀሰበት የሌንስ ምክር ቁጥር ያልተነገረበት ጫማ ማለት ነው። ስሌቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ከሌንሱ ጫፍ እስከ ሸራው ያለውን ርቀት ትለካላችሁ፣ ለምስሉ ስፋት ታካፍላላችሁ። የሚመጣው ቁጥር ትሮው ሬሺዮ ይባላል። እያንዳንዱ ፕሮጀክተር የራሱ ቁጥር መመሪያው ላይ ተጽፎለታል። የእናንተ ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር ጋር ከገጠመ ተጋቡ። ካልገጠመ ምንም ቢያምር ይቅርባችሁ።

የእኔን ሳሎን እንለካ። ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላ ግድግዳ 4 ሜትር ከ20 ነው። ፕሮጀክተሩ የሚቀመጠው ከኋላ፣ ቡፌው ላይ ነው። የማሽኑ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከኋላው ለገመድና ለአየር 20 ተውኩለት። ስለዚህ ሌንሱ ያለው 3 ሜትር ከ70 ላይ ነው። ይቺን 50 ሳንቲ ሜትር ብዙ ሰው ይረሳታል፣ በኋላም ብዙ ታስከፍላለች። ሸራዬ 2 ሜትር ከ20 ይሰፋል፣ ሻጮች 100 ኢንች የሚሉት መጠን ነው። 3.70 ለ2.20 ሲካፈል 1.68 ይመጣል።

ይቺን 1.68 ይዘን ገበያ እንውጣ። ኤፕሰን ሆም ሲኒማ 3800 ከ1.32 እስከ 2.15 ድረስ ይሄዳል። የእኔ ቁጥር መሀሉ ላይ ቁጭ አለ። ቤንኪው ኤችቲ2050ኤ ከ1.15 እስከ 1.5 ነው። ከዚያው ቡፌ ላይ ሆኖ ምስሉን የቻለውን ያህል ቢያጠበው እንኳ 2 ሜትር ከ47 ይሰፋል። በበሩና በመስኮቱ መሀል ያለኝ ግድግዳ ደግሞ 2 ሜትር ከ40 ነው። 7 ሳንቲ ሜትሩን ፊልም በሩ ላይ ልናይ ነው። ማሽኑ ምንም አልጎደለውም። ለሌላ ሰው ሳሎን የተሠራ ነው እንጂ።

ሾርት ትሮውስ? 0.5 የሆነ ማሽን ይህንኑ ምስል የሚያወጣው ከ1 ሜትር ከ10 ርቀት ነው። ሳሎኔ ውስጥ ከሸራው 1 ሜትር ከ10 ላይ ምን አለ? ረከቦት። የወሎ ቤት ውስጥ ረከቦትን ከቦታው የሚያፈናቅል ዕቃ ገና አልተሠራም።

ሞክሬው ነው የምላችሁ። አንድ ወዳጄ ሾርት ትሮው አዋሰኝና አጭር ጠረጴዛ ላይ፣ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። አቦሉ ላይ ደህና ነበርን። ቶና ላይ ባለቤቴ እጣኑን ጨመር አደረገችው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሌንሱ ፊት ወጣ። ብርሃኑ ገና ከሌንሱ እንደወጣ ጠባብና ኃይለኛ ስለሆነ ጭሱን እንደ መጋረጃ አበራው። ሸራው ላይ የጦሳ ተራራ ጉም የለበሰ መሰለ። ተዋናዮቹ ድምፃቸው ብቻ ቀረ። በረካ ላይ «ወይ ፊልሙን ወይ ቡናውን ምረጥ» ተባልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሌንሱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው ቢጫ ቅባት የመሰለ ስስ ነገር ፊቱን ሸፍኖታል። ለወዳጄ ስመልስለት ምን እንዳልኩት አልነግራችሁም።

«እሺ፣ ግድግዳው ሥር የሚቀመጠውን፣ አልትራ ሾርት ትሮው የሚባለውን ግዛ» ትሉ ይሆናል። 0.25 የሆነው 55 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ረከቦቱንም አይነካም። ግን ብርሃኑ ከሥር ወደ ላይ ግድግዳውን እየላሰ ነው የሚወጣው። ሸራው ላይ ያለ ትንሽ ሞገድ ሁሉ ይጎላል። የእኔ ሸራ ደግሞ አቡጀዲ ነው፣ ሰኞ ገበያ ተገዝቶ እንጨት ላይ የተወጠረ። መስኮት ሲከፈት ይተነፍሳል። ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ተነፋ እንበል። ሌንሱ ከምስሉ ግርጌ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ በአልትራው እዚያ ያለው መስመር 2.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ከቡፌው ላይ፣ ከምስሉ መሀል ትይዩ ሆኖ በሚያበራው ማሽን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። አንዱ እባብ ሆኖ ይታያል፣ ሌላውን ማንም አያየውም። አልትራ ሾርት ትሮው የሚፈልገው በጠንካራ ፍሬም የተወጠረ ወይም እንደ መስታወት የተለሰነ ነገር ነው። እሱን ስትገዙ የሸራውንም ዋጋ ደምሩ።

ጠባብ ቤት ሁሉ ሾርት ትሮው ይፈልጋል ማለት አይደለም። ሳሎናችሁ ከኋላ ግድግዳ እስከ ፊት 2 ሜትር ተኩል ከሆነ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ይህን ያህል ምስል ከፈለጋችሁ ሌላ ምርጫ የለም። አብዛኛው የደሴ ሳሎን ግን ከዚያ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁም 1,800 ሜትርን ታልፋለች። ብዙ የፕሮጀክተር መመሪያዎች ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚለውን አብሩ ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ ለመውጣት ሰነፍ ነው። ስለዚህ ፋኑ በፍጥነት መዞር አለበት፣ ሲዞር ደግሞ ይጮሃል። መመሪያውን ሳያነብ ማሽኑ በራሱ ጊዜ እየጠፋ ያስቸገረው ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ቁልፍ ይፈልግ።

ይሄ ከሌንስ ጋር ምን አገናኘው? ያገናኘዋል። የሚጮህ ማሽን መሀል ሳሎን፣ ጆሮአችሁ ሥር እንዲሆን አትፈልጉም። ከኋላ፣ ከራስ በላይ እንዲሆን ነው የምትፈልጉት። ከኋላ ሆኖ ልክ ያለው ምስል የሚያወጣ ሌንስ ደግሞ 0.5 አይደለም። ደሴ ላይ ሌንስ ስትመርጡ ከፋኑ ጩኸት ለመራቅም እየመረጣችሁ ነው።

ወደ ኪስቶን እንሂድ። «የትም አስቀምጡት፣ ኪስቶን ያስተካክለዋል» የሚለው ብዙ ሰው ያሳሳተ አባባል ነው፤ እኔንም ጭምር። ፕሮጀክተሩን አዘንብላችሁ ስታስቀምጡ ምስሉ አንድ ጎኑ ሰፍቶ ሌላው ይጠባል። ኪስቶን የተባለው ቁልፍ ሰፊውን ጎን በኮምፒውተር ያጠበዋል። ሌንሱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፉል ኤችዲ ማሽን 1920 በ1080፣ ማለትም ሁለት ሚሊዮን ከሰባ ሦስት ሺህ በላይ ነጥብ አለው። ኪስቶን ሲነካ ከእነዚህ የተወሰኑት ሥራ ይፈታሉ። የቀሩት ላይ ምስሉ ተጨምቆ እንደገና ይሣላል። ገንዘብ የከፈላችሁበትን ጥራት በገዛ እጃችሁ ትቀንሱታላችሁ።

ለማመን ከፈለጋችሁ ማታ የእግር ኳስ ጨዋታ ክፈቱና የሜዳውን ነጭ መስመር ተጠግታችሁ እዩት። ኪስቶን በበዛበት ማሽን ላይ መስመሩ መሰላል ይሠራል። ካሜራው ሲዞር ይርገበገባል። ከዚያ ደግሞ የጨለማ ትዕይንት ያለበት ፊልም ክፈቱ። በምስሉ ዙሪያ ግራጫ ጥላ ታያላችሁ፣ በአንድ በኩል ጠበብ በሌላው ሰፋ ያለ። እነዚያ ሥራ የፈቱት ነጥቦች ናቸው። ጠፉ ቢባሉም ሙሉ በሙሉ አይጨልሙም። እኔ ይህንን ጥላ አንድ ዓመት ሙሉ የግድግዳው ቀለም ስህተት ነው ብዬ ስወቅስ ኖሬያለሁ። ሁለት ጊዜ አስቀብቻለሁ።

ትክክለኛው መፍትሔ ሌንስ ሺፍት ነው። ማሽኑ ላይ ያለች የምትዞር ቁልፍ ናት። ስታዞሯት ሌንሱ ራሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አንዳንዱም ወደ ጎን ይሄዳል። ማሽኑ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ ምስሉ ብቻ ይነሳል፣ ይወርዳል። ማዕዘኑ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ቀጥ ይላል። አንድም ነጥብ አይባክንም። ሁለት ማሽን መሀል ስትወላውሉ አንዱ ሌንስ ሺፍት ካለው፣ ሉመኑ ትንሽ ቢያንስም እሱን ውሰዱ እላለሁ። ይሄ የእኔ አድልዎ ነው፣ አልደብቅም። ትንሽ ኪስቶን፣ በቁልፉ አንድ ሁለት ደረጃ ያህል፣ ማንንም አይገድልም። «የትም አስቀምጡት» ሲባል ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ዙምን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዙም ያለው ሌንስ ማሽኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለማንቀሳቀስ ነፃነት ይሰጣል። ያልነገሩን ዋጋውን ነው። ሌንስ ላይ ኤፍ የሚባል ቁጥር አለ፣ «ኤፍ 2.0–2.5» ተብሎ ይጻፋል። ትንሹ ቁጥር ምስሉን በጣም ስታሰፉት ነው። ትልቁ ስታጠቡት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሌንሱ የሚያሳልፈው ብርሃን በካሬው ይቀንሳል። ከ2.0 ወደ 2.5 ስትሄዱ ከሲሶ በላይ ብርሃን ቀረ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሉመን ደግሞ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ በሰፊው ሲሆን ነው። ስለዚህ ረጅም ዙም ገዝቶ ጠባቡ ጫፍ ላይ መኖር ብርሃን መጣል ነው። ቁጥራችሁ ከማሽኑ ክልል ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃም። ወደ ሰፊው ጫፍ፣ ማለትም ወደ ትንሹ ትሮው ሬሺዮ፣ ቢጠጋ ይመረጣል።

የ16 ሚሊ ሜትሩ ነገር ደግሞ አሳቀኝ፣ ምክንያቱም አጎቴ እውነትም አንድ አለው። ከጨረታ የገዛት አሮጌ ማሽን ናት። መጋዘኑ ውስጥ ከጄኔሬተሩ ጎን ተቀምጣለች። «75 ሌንስ ፈልግልኝ፣ ምስሉ እንዲሰፋ» ብሎኝ ነበር። ተገላቢጦሽ ነው። በፊልም ማሽን ላይ የሌንሱ ቁጥር፣ ማለትም በሚሊ ሜትር የሚለካው የትኩረት ርቀቱ፣ ሲያድግ ምስሉ ያንሳል። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚበራው ክፈፍ 9.65 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህንን በርቀቱ አባዙና ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉ። ከ4 ሜትር ላይ 50 ሌንስ 77 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ምስል ይሰጣል። 75 ብታስገቡ ወደ 51 ይወርዳል። ምስሉን ማስፋት የፈለገ ሰው የሚሻው 25 ነው፣ 1 ሜትር ከ54 ያደርሰዋል። 50 የተለመደ የሆነው ለክፍልና ለአዳራሽ ስለሚመች ነው። ሳሎን ጠባብ ስለሆነ አጭሩን ይፈልጋል። ሌንሱን ከማዘዛችሁ በፊት የቱቦውን ውፍረት ለኩ፤ ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ ያልገጠመ ሌንስ የወረቀት መጫኛ ነው የሚሆነው።

ሶፍት? በፍጹም። ሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን አለ፣ ሶፍት ደግሞ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ መሀሉ የገባው አቧራ ይፍቀዋል። በጎማ አየር መንፊያ እፍ አድርጉ። ካልለቀቀ ንጹሕ የመነጽር ጨርቅ። በየሳምንቱም አይደለም፣ ሲቆሽሽ ብቻ። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ያስከትላል።

ለደሴ ሰው የምጨምረው ጉሙን ነው። አንድ ቀን ፕሮጀክተሬን ይዤ ለሠርግ ቪዲዮ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጠዋት ደሴ ብርድ ነበር፣ ማሽኑም ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሯል። ታች ደርሼ ሞቅ ባለው አዳራሽ ውስጥ ከቦርሳው አውጥቼ ወዲያው አበራሁት። ሙሽሮቹ ነጭ ዳመና ውስጥ ሲጨፍሩ ታዩ። «ምን አባቱ ነክቶት ነው?» ሲሉኝ ሌንሱን በእጄ ብነካው ርጥብ ነው። ሙቅ አየር ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ያን ጊዜ ብጠርገውም ተመልሶ ይመጣል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ከዚያ አብሩት።

አጎቴን ትናንት ማታ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን እንዳትልክ። ሜትር አለህ?»

«የአናጺው እዚህ ረስቶት ሄዷል።»

ለካ። ከግድግዳ ግድግዳ 5 ሜትር ከ10። ለማሽኑና ለገመዱ 50 ቀነስን፣ 4.60 ቀረ። ሸራውን 2 ሜትር ከ40 ነው የሚፈልገው። 1.92 መጣ።

«ኤፕሰኑ ክልል ውስጥ ገባ ወይስ አልገባም?» አለ።

«ገባ፣ ግን ጠባቡ ጫፍ ላይ ነው። ብርሃን ትጥላለህ። ኮርኒሱ ላይ ብንሰቅለውና ወደ 4 ሜትር ብናመጣው 1.67 ይሆናል።»

«ኮርኒሱ ችፑድ ነው እኮ። ይችለዋል?»

«ችፑዱ ላይ እንዳታስሩት። አናጺው ሜትሩን ሊወስድ ሲመጣ ሞራሌው የት የት እንዳለ እርሳስ ያድርግበት፤ ከዚያ ደውልልኝ።»